ነዳጅ የተኛ ወሰን ሲቀሰቅስ

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ቦቴዎች የሚቆሙበት አንድ ሻይ ቤት አለ። ከጅቡቲ ናፍጣና ቤንዚን ጭነው የሚወጡትም፣ ባዶ ታንከር ይዘው የሚወርዱትም ሾፌሮች እዚያ ጥቂት ያርፋሉ። አንድ ምሽት አብሬያቸው ተቀምጬ ሳለ ወሬው ወደ ቬንዝዌላና ጉያና ሄደ። አንድ ወጣት ረዳት ስልኩን እያየ፣ «ዓለም ላይ ያለ የድንበር ጠብ ሁሉ ለነዳጅ ነው፤ ሌላው ሰበብ ነው» አለ። አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት ሾፌር ድሮ አሰብ ወርደው ይጭኑ ከነበሩት ናቸው። ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ «ባድመ ላይስ ምን ነዳጅ ነበረ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ «እሱስ ልክ ነዎት ጋሼ» ብሎ ዝም አለ።

ጥያቄያቸው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ከ1998 እስከ 2000 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተካሄደው ጦርነት ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል፤ ለባድመ የተሰለፈው ወጣት ግን ስለ ነዳጅ አልሰማም፣ አላሰበምም። ከሱዳን ጋር የምንወዛገብበት አልፋሽጋም ሰሊጥና ማሽላ የሚታፈስበት የእርሻ መሬት ነው። ሰው ለመሬት፣ ለክብር፣ ለቂም፣ ለሥልጣን ይዋጋል፤ ነዳጅ ባይኖርም ይዋጋል። ይሁንና ረዳቱም ዝም ብሎ አልተናገረም። ለአሥርት ዓመታት ተኝቶ የኖረ የወሰን ክርክር ነዳጅ በተገኘ ማግስት ብድግ ሲል ደጋግመን አይተናል። እንግዲህ ጠቡን ነዳጁ ካልፈጠረው፣ በመንግሥታት ልብ ውስጥ የሚለውጠው ነገር ምንድን ነው?

በከተማችን ዳርቻ፣ አዳማ እየሰፋች የገበሬውን ማሳ በምትነካበት በኩል፣ ሁለት ቤተሰቦች አውቃለሁ። በማሳቸው መካከል ያለች ድንጋያማ ቁራጭ መሬት የማን እንደሆነች በውል አልታወቀችም። ጤፍ አይበቅልባትም፤ ከብት ይውልባታል። አባቶቻቸው አንድ ጊዜ ተጣልተውባት ሽማግሌ ገብቶ «ይቆይ» ብሎ ትቷታል። ከዓመታት በኋላ መንገድ ሊያልፍ ነው ተብሎ ቀያሾች መጡ፤ «ካሳ» የሚል ቃል ተሰማ። ሳምንት ሳይሞላ አንደኛው ቤተሰብ የአያቱን የግብር ደረሰኝ ከሣጥን አወጣ፤ ሌላኛው የወሰን ድንጋይ ተነቅሎብኛል ብሎ ቀበሌ ሄደ። ጠቡን ካሳው አልፈጠረውም፤ ከአባቶቻቸው የወረሱት ነው። ካሳው ያስወደደው «ይቆይ» የሚለውን ቃል ነው። ትናንት «ይቆይ» ማለት ምንም አያስከፍልም ነበር፤ ዛሬ ገንዘብ ያስቀራል።

ነዳጅም በአገሮች መካከል የሚሠራው ይህንኑ ይመስለኛል። የአንድን መንግሥት ፍላጎት መረዳት ለሚፈልግ ሰው ነዳጁ መኖር አለመኖሩን ማወቅ አይበቃውም። «ይቆይ» ማለት ለማን ተወደደ? ለማንስ ረከሰ? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ረዳቱ ስልኩ ላይ ያየው የኤሴኪቦ ጉዳይ ይህን ከሁሉም በላይ ያሳያል። ኤሴኪቦ ወደ 160,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ግዛት ነው፤ ከጉያና ምድር ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቬንዝዌላና እንግሊዝ ሲከራከሩበት ዓይናቸው ወርቁ ላይ ነበር። በ1899 ፓሪስ ላይ የተቀመጠ የግልግል ዳኝነት አብዛኛውን ለያኔዋ ብሪቲሽ ጉያና ሰጠ። ቬንዝዌላ ውሳኔውን ስድሳ ዓመት ያህል ይዛው ከኖረች በኋላ በ1962 ውድቅ ነው አለችው። በ1966፣ ጉያና ነጻ ልትወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ ጄኔቫ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱ ወሰኑን አልቆረጠም፤ መፍትሔው በሰላም ይፈለግ ብሎ ነገሩን አሳደረው። «ይቆይ» ማለት ነው እንግዲህ። ቆየም። የቬንዝዌላ ተማሪዎች በካርታቸው ላይ በሰረዝ የተሸነቆረ መሬት እያዩ አደጉ፤ ፖለቲከኞች በበዓል ቀን አነሡት፣ በማግስቱ ረሱት።

በ2015 ግንቦት ወር የአሜሪካው ነዳጅ ኩባንያ ኤክሶንሞቢል ከጉያና የባሕር ዳርቻ ርቆ፣ ሊዛ ብሎ በሰየመው ጉድጓድ፣ ብዙ ነዳጅ ማግኘቱን አሳወቀ። በዚያው ወር የቬንዝዌላው ፕሬዚዳንት ኒኮላስ ማዱሮ ከኤሴኪቦ ፊት ለፊት ያለውን ባሕር የሚጠቀልል አዋጅ አወጡ። ወሩን ልብ ይሏል። የቬንዝዌላ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ስለ ጫካና ወንዝ ሲያወራ ኖሮ አሁን ወደ ውኃው ዞረ። በ2018 መጨረሻ የቬንዝዌላ ባሕር ኃይል ለኤክሶን የባሕሩን ወለል ታጠና የነበረች መርከብ አስቆመ። በ2019 ታኅሣሥ ጉያና ነዳጅ ማውጣት ጀመረች፤ ዛሬ በዚያ ስታብሩክ በተባለ ክልል ሊወጣ ይችላል የሚባለው ከ11 ቢሊዮን በርሜል ይበልጣል። ሕዝቧ 800,000 ገደማ ነው። በ2022 ኢኮኖሚዋ በአንድ ዓመት ከ60 በመቶ በላይ አደገ።

እዚህ ላይ ችኩል አንባቢ «አየህ፣ ቬንዝዌላ ነዳጁን ፈልጋ ነው» ይላል። እኔ ግን አንድ ቁጥር ያስቆመኛል። ቬንዝዌላ ራሷ 300 ቢሊዮን በርሜል ያህል የተረጋገጠ ክምችት አላት፤ በዓለም የሚበልጣት የለም። ከምድሯ ስር ነዳጅ አልጎደላትም። የጎደላት ማውጫው ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በቀን 3 ሚሊዮን በርሜል ታወጣ የነበረች አገር በ2023 ከ1 ሚሊዮን በታች ወርዳ ነበር። ጎተራው ሞልቶ የሚያወጣለት ያጣ ሰው የጎረቤቱን ጎተራ ለምን ይመኛል? በእኔ እምነት መልሱ በ2023ቱ ሕዝበ ውሳኔ ውስጥ አለ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ተቃዋሚዎች የራሳቸውን እጩ መረጡና ብዙ ሕዝብ አሰለፉ። በታኅሣሥ 3 መንግሥት ስለ ኤሴኪቦ አምስት ጥያቄ ይዞ ሕዝቡን ለድምፅ ጠራ። ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በ2024 ይጠብቅ ነበር። ኤሴኪቦ ደግሞ በቬንዝዌላ መንግሥትም ተቃዋሚም የእኔ ነው የሚሉት ጉዳይ ነው፤ ተቃወምኩ የሚል ሰው አገር ከጂ ይባላል። ከድምፁ በኋላ ማዱሮ አዲስ ካርታ አሳዩ፤ የመንግሥቱ ነዳጅ ድርጅት በዚያ ግዛት ፈቃድ እንዲሰጥ አዘዙ፤ በውኃው ላይ ለሚሠሩት ኩባንያዎች ሦስት ወር ቀን ቆረጡ። ሦስቱ ወር አለፈ፤ ኩባንያዎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። ነዳጁ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋና ሥራው በርሜል መሆን አልነበረም፤ ጎረቤት ሲከብር እያየ ለሚኖር ድሃ ሕዝብ የቁጭት ማገዶ መሆን ነበር።

የጉያናም ልብ ተለውጧል፤ ይህን ብዙዎች አያነሡትም። በተባበሩት መንግሥታት ሸምጋይነት ለዓመታት ስትንከባለል የኖረች አገር፣ ነዳጁ ከተገኘ በኋላ «ፍርድ ቤት እንሂድ» ብላ ጸናች። በ2018 ዘ ሄግ ለሚገኘው የዓለም ፍርድ ቤት ክስ አቀረበች። ጠበቃ ውድ ነው። ኤክሶን ለፊርማ ከከፈለው 18 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 15 ሚሊዮኑ ለዚሁ ክርክር የሕግ ወጪ እንዲቀመጥ የጉያና መንግሥት ወሰነ። በነዳጅ ገንዘብ የነዳጁን ባለቤትነት ማስከበር ማለት ይህ ነው። ከ2015 በፊት «ይቆይ» ለጉያና ጋሻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የባለሀብቱን ልብ የሚያሸብር ጥርጣሬ ሆነባት።

ወደ ሰፈራችን ስንመጣ፣ ኬንያና ሶማሊያ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተጣሉበት ሦስት ማዕዘን ውኃ ከ100,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ኬንያ ወሰኑ ከጠረፉ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ይሂድ ትላለች፤ ሶማሊያ ደግሞ ከሁለቱ ዳርቻ እኩል ርቆ ይውረድ ትላለች። ሶማሊያ መንግሥት አልባ በነበረችባቸው ዓመታት ነገሩን የሚያነሣ አልነበረም። በ2012 ግን ኬንያ በዚያ ውኃ ውስጥ የመፈለጊያ ፈቃድ ለጣሊያኑ ነዳጅ ኩባንያ ኤኒ ሰጠች። ፈቃድ ተራ ወረቀት አይደለም። መንግሥታት ኩባንያን እንደ ባንዲራ ይተክሉታል፤ «እነሆ ስሠራበት ኖሬያለሁ» ለማለት ይመቻል። የሚገርመው፣ የዓለም ፍርድ ቤት ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ በ2002 በካሜሩንና በናይጄሪያ ጉዳይ፣ ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙበት በቀር የነዳጅ ፈቃድ ብቻውን የባሕር ወሰንን አያንቀሳቅስም ብሎ ነበር። መንግሥታት ግን ይህን እያወቁም ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ዳኛው ባይቀበለውም የአገር ቤት ሕዝብ ይቀበለዋላ።

ሶማሊያ በ2014 ከሰሰች። በ2019 የካቲት ለንደን ላይ ስለ ሶማሊያ ነዳጅ በተካሄደ ጉባኤ ሳቢያ ኬንያ፣ የእኔን ውኃ ለጨረታ አቅርባችኋል ብላ አምባሳደሯን ጠራች፤ ሶማሊያ አላቀረብኩም አለች። ይህ ሁሉ ሲሆን የኬንያ ወታደር ከ2011 ጀምሮ ሶማሊያ ውስጥ አልሸባብን እየተዋጋ ነበር። በ2021 ጥቅምት 12 ፍርድ ቤቱ መስመሩን በጥቂቱ አስተካክሎ አብዛኛውን ውኃ ለሶማሊያ አደረገ፤ ኬንያ አልቀበልም አለች። በዚያ ሁሉ ዓመት ከክርክሩ ውኃ ስር አንዲት በርሜል አልወጣችም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሰው ግን ለሰማይ ላምም ይጣላል፤ መንግሥትማ ይብሳል፤ ያልታየው ወተት በተስፋ ሲለካ ገደብ የለውምና።

ባለጸጋና ሕግ አክባሪ የሚባል መንግሥት ከዚህ ፈተና ነጻ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው የቲሞር ባሕርን ታሪክ እነግረዋለሁ። አውስትራሊያና ኢንዶኔዥያ በ1972 የባሕር ወለላቸውን ሲከፋፈሉ በመካከል ክፍተት ቀረ፤ ምክንያቱም ምሥራቅ ቲሞር ያኔ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ፖርቱጋል ደግሞ አልፈረመችም። በ1975 ነሐሴ በጃካርታ የአውስትራሊያ አምባሳደር የነበሩት ሪቻርድ ዉልኮት ለመንግሥታቸው በላኩት መልእክት፣ ያን ክፍተት ለመዝጋት ከፖርቱጋል ወይም ነጻ ከወጣች ቲሞር ይልቅ ከኢንዶኔዥያ ጋር መደራደር እንደሚቀል ጻፉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኢንዶኔዥያ ቲሞርን ወረረች። አውስትራሊያ ጥቂት ዓመት ቆይታ ወረራውን በሕግ ደረጃ ዕውቅና ሰጠች፤ ይህን ያደረገ አገር በጣም ጥቂት ነበር። በ1989 የሁለቱ አገሮች ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጋሬዝ ኢቫንስና አሊ አላታስ በዚያው ባሕር ላይ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ የመከፋፈያ ውሉን ፈርመው የሻምፓኝ ብርጭቆ አነሡ። ከታች ያለው ሕዝብ አልተጠየቀም።

ቲሞር በ2002 ግንቦት ነጻ ልትወጣ ሁለት ወር ሲቀራት አውስትራሊያ ሌላ ሥራ ሠራች፦ በባሕር ወሰን ጉዳይ የዓለም ፍርድ ቤት በግድ እንዳይዳኛት ራሷን አወጣች። ዳኛውን አስቀድሞ ከደጅ ማስወጣት ማለት ነው። እንደ ቬንዝዌላ አዲስ ካርታ ማውጣትም ወታደር ማሰለፍም አላስፈለጋትም። ለእሷ «ይቆይ» እጅግ ርካሽ ነበር፤ ነዳጁ በነባሩ ውል እየወጣ ነው፣ ድሃዋ ጎረቤት ደግሞ ለመምህርና ለሐኪም ደመወዝ ገንዘብ ትፈልጋለች። የሚቸኩለው የቸገረው ነው። ቆይቶ ቲሞር፣ በ2004 ስንደራደር የአውስትራሊያ ሰላዮች የካቢኔያችንን ክፍል አድምጠዋል ስትል ከሰሰች፤ በ2016 አውስትራሊያን በግዴታ የማስታረቅ ሂደት ውስጥ አስገባቻት፤ በ2018 መጋቢት ወሰኑ በመካከለኛው መስመር ላይ ተፈረመ። ግሬተር ሰንራይዝ ከሚባለው የጋዝ መስክ ገቢ ለቲሞር ቢያንስ 70 በመቶው እንዲደርሳት ሆነ። አንዳንድ የሚሠሩ ጉድጓዶች ግን እስከዚያ ድረስ ሲቀዱ ኖረዋል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ጥይት ያልተተኮሰበት የድንበር ውዝግብ ፍትሐዊ ነበር ማለት አይደለም።

ሱዳን ደግሞ ካርታው ራሱ ሲንቀሳቀስ ያየንባት አገር ናት። የአሜሪካው ኩባንያ ሼቭሮን በ1978 በደቡብ፣ ቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ አገኘ። በ1980 የፕሬዚዳንት ኒሜሪ መንግሥት የደቡብና የሰሜንን አስተዳደራዊ ወሰን ሊያሻሽል ተነሣ፤ ነዳጁ ያለበት መሬት ወደ ሰሜን ሊጠጋ። ደቡቦች ተቃወሙና ሐሳቡ ተተወ፤ ቅሬታው ግን በ1983 ዳግም ለተቀሰቀሰው ጦርነት ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ። ደቡብ ሱዳን በ2011 ስትገነጠል ከነዳጁ ሦስት አራተኛ ያህሉ በእሷ በኩል ቀረ፤ ቧንቧውና ወደቡ በሰሜን። ካርቱም ለአንድ በርሜል ማሳለፊያ ከ30 ዶላር በላይ ጠየቀች፤ ጁባ 1 ዶላር ገደማ አቀረበች። በ2012 ጥር ጁባ ጉድጓዶቿን ዘጋች፤ የመንግሥቷ ገቢ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከዚያ የሚመጣ ሆኖ ሳለ። በሚያዝያ ወታደሯ ሄግሊግን ያዘና አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ወጣ። ሄግሊግ ከተረፈው የሰሜን ምርት ግማሽ ያህሉን ይሰጥ ነበር፤ የጁባ ሰዎች ፓንቱ ይሉታል፣ ጥንትም የእኛ ነው ይላሉ። እዚህ ታሪክና ነዳጅ አንዱ ከሌላው አይለይም። የዲንቃ ሽማግሌ ስለ ግጦሹ ሲናገር እየዋሸ አይደለም፤ ጄኔራሉ ስለዚያው መሬት ሲናገር ግን በልቡ ቧንቧውን ያያል።

በዚያው ዓመት መስከረም አዲስ አበባ ላይ ተስማሙ። ያስማማቸውም ነዳጁ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው መሸጥ አይችልም። ይህን የነገሩን ሌላ ገጽ የሻይ ቤቱ ረዳት ባይናገረውም መናገር ይገባል። ባንክ በተኩስ መሐል አያበድርም፤ ኢንሹራንስ በተጣሉበት ውኃ ላይ ዋጋ ይቆልላል። ስለዚህ ነዳጅ መንግሥትን ወደ ጠረጴዛ የሚገፋበትም ጊዜ አለ። ሊባኖስና እስራኤል በይፋ ጦርነት ላይ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሊባኖስ እስራኤልን አገር ብላ አትጠራም። በ2022 ጥቅምት ግን በአሜሪካ አደራዳሪነት፣ የተለያየ ወረቀት ላይ እየፈረሙ፣ የባሕር ወሰናቸውን ቆረጡ። እስራኤል ካሪሽ ከተባለው መስክ ጋዝ ልታወጣ ተዘጋጅታ ነበር፤ ሊባኖስ ኢኮኖሚዋ ወድቆ መብራት እንኳ አልነበራትም። በሁለቱም በኩል «ይቆይ» ተወደደ። በተከታዩ ዓመት በሊባኖስ በኩል በተቆፈረው ጉድጓድ ግን ጋዝ አልተገኘም።

ማሌዢያና ታይላንድ ደግሞ በ1979 ሌላ ብልሃት አገኙ፤ ወሰኑ ይቆይ፣ ጋዙ ግን አይቆይ አሉ። ለሃምሳ ዓመት በጋራ ሊያወጡ፣ እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

ታንክ ይዞ ነዳጅ ለመውረስ የሄደ መንግሥትስ የለም? አለ፤ ኢራቅ በ1990 ኩዌትን ስትወር የጦርነት ዕዳዋ፣ የወረደው የነዳጅ ዋጋና የሩሜላ መስክ ክርክር ፊት ለፊት ነበሩ። እንዲህ ያለ ግልጽ ምሳሌ ግን ፈልገን የምናገኘው ጥቂት ነው። ያም ሆኖ በሰባት ወሩ የኢራቅ ጦር ሲባረር ከ600 በላይ ጉድጓዶችን አቃጥሎ ወጣ፤ ሊወስደው የሄደውን ጭስ አድርጎት ተመለሰ።

አሁን ወደ እኛው። በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው በ1970ዎቹ ነው፤ ሶማሊያ በ1977 የወረረችንም በዚያው አሥርት ዓመት። ሁለቱን ዓመት አጋጥሞ «ለጋዙ ነው» ማለት ይቀላል። ነገር ግን በሶማሊያ ሰንደቅ ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ፣ አንዱ ጫፉ ኦጋዴንን የሚያመለክተው፣ ከጋዙ በፊት በ1954 ተሰፍቷል። ዚያድ ባሬን ያስቸኮለው የደርግ ጦር በሰሜንና በውስጥ መወጠሩ ነበር። በዚያ ክልል ጋዙ ሚና የተጫወተው ዘግይቶ ነው፤ በ2007 ሚያዝያ አቦሌ ላይ ታጣቂዎች የቻይና ኩባንያ ሠፈርን አጥቅተው ከ70 በላይ ሰው ሲገድሉ፣ ዘጠኙ ቻይናውያን ነበሩ። ኩባንያ እንደ ባንዲራ የሚተከል ከሆነ፣ ባንዲራውን የጠላ ሰው ኩባንያውን ይመታል። የሞቱት ግን ለእንጀራቸው የወጡ ሠራተኞች ናቸው።

ለእኛ ለአዳማ ሰዎች ከጉድጓዱ ይበልጥ የሚቀርበን መንገዱ ነው። የምንቀዳው ናፍጣ በሙሉ የሰው አገር ወደብ አቋርጦ ይመጣል። ማደያ ላይ ባጃጁ ተሰልፎ ሲያድር፣ የታክሲ ታሪፍ ሲጨምር፣ ሽንኩርት ከመቂ ሲወደድ፣ ሁሉም ከዚያ መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2024 የካቲት ቧንቧዋ በሱዳን ጦርነት መሐል ሲፈነዳ ምን እንደሆነች አይተናል፤ ደመወዝ ቆመ። እኛ ነዳጅ ሻጭ አይደለንም፣ ገዢ ነን፤ የሰው ደጅ መጥናታችን ግን ያው ነው። ስለ ቀይ ባሕር የሚነሣው ክርክር ብዙ ሰው ልብ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው፤ እኔም ውስጥ ይገባል። ግን ባለሥልጣን ስለ ታሪክና ስለ መብት ሲናገር በሰማሁ ቁጥር፣ የሁለቱን ቤተሰብ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ይህ ሁሉ ዓመት የቆየው ነገር አሁን እንዳይቆይ ያደረገው ምንድን ነው? ደረሰኙን ከሣጥን ያስወጣው የትኛው ቀያሽ ነው?

ከዚያ ምሽት በኋላ አዛውንቱን ሾፌር እንደገና አገኘኋቸው። ስለ አሰብ ጠየቅኳቸው። ሶቪየቶች የሠሩትና በ1967 ሥራ የጀመረው ማጣሪያ ጭሱ ከሩቅ ይታይ እንደነበር፣ ሌሊት ጭነው በቡሬ በኩል ሲወጡ ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳ እንደነበር አወሩኝ። ማጣሪያው በ1997 ተዘጋ፤ በዓመቱ ጦርነቱ መንገዱንም ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በጋላፊ በኩል ነው የሚመላለሱት። ጦርነቱ ለነዳጅ ነበር ወይ አልኳቸው። «አይ» አሉ፤ «ጦርነቱ ለነዳጅ አልነበረም። ነዳጁ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ አልመጣም።» ሒሳባቸውን ከፍለው ተነሡ፤ ረዳቱ ጎማውን በብረት እየደበደበ ይመለከት ነበር፤ ጎሕ ሳይቀድ አዋሽን ማለፍ ፈልገዋል።